በጣት ተጭኖ የደም ግፊት ማውረድ፦ እስከ የት ያስኬዳል?

ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም "ይቺን ቦታ ተጫኑ፣ ግፊታችሁ ወዲያው ይወርዳል" የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል፣ አንዱ እግር ላይ ያሳያል፣ አንዱ ጆሮ ጀርባ፣ አንዱ እጅ ላይ፣ ከስር ኮመንቱ ሁሉ "እግዚአብሔር ይስጥልን" እና "ለእናቴ ልልክላት ነው" ነው። ችግሩ ግማሹ እውነት ሆኖ ሌላው ግማሽ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ ወሬ መሆኑ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚመጡ መለየት ያስቸግራል። ስለዚ ነገርየውን፣ አኩፕሬዠር የሚባለውን፣ ፈታ አድርጌ ላስረዳ፣ የት እንደሚጫን፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ምን እንደተገኘ፣ ክኒን ይተካል ወይ የሚለውንም። (መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና አይተካም፣ ግን ዝም ብሎ ከንቱም አይደለም።)

መጀመሪያ ስለ ግፊት ባጭሩ። ማሽኑ ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ ላይኛው ልብ ስትረግጥ ደም ስር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት፣ ታችኛው ልብ በሁለት ምት መሀል አረፍ ስትል የሚቀረው። 120/80 አካባቢ ጥሩ የሚባለው ነው፣ በብዙ አገር ሐኪሞች በተለያየ ቀን ሲለኩት 140/90 እና ከዛ በላይ እየሆነ ካስቸገረ "ግፊት አለብህ" ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ ከ2017 ጀምሮ መስመሩን ወደ 130/80 አውርደውታል። "በተለያየ ቀን" የሚለውን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ግፊት ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፣ ደረጃ ስትወጡ፣ ስትናደዱ፣ ሽንት ስትይዙ፣ ዶክተሩ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲመጣ ይጨምራል። አብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ ምንም ስሜት የለውም። "እኔ ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል" የሚሉ ሰዎች ቤታችን ሞልተዋል፣ ራሳቸውን ሲያማቸው ክኒን ይውጣሉ፣ ካላመማቸው ይተዉታል፣ ኩላሊትና ልብ ግን ራስ አመመም አላመመም ዝም ብሎ እየተጎዳ ነው። በ2015 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 አዋቂ 16 ገደማ የሚሆነው ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው፣ አብዛኛው ደግሞ አያውቀውም ነበር።

አኩፕሬዠር የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። አኩፓንቸር በመርፌ የሚወጋቸውን ነጥቦች ይሄኛው በጣት ይጫናቸዋል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። የጥንቱ ማብራሪያ ሰውነት ውስጥ ቺ የሚባል ኃይል በመስመር መስመር ይሄዳል፣ ሲታገድ ሰው ይታመማል፣ ነጥቡን ስትጫን መንገዱ ይከፈታል የሚል ነው። ሬሳ ከፍተው ያጠኑ ሐኪሞች እንደዚህ ዓይነት መስመር አላገኙም። ቪዲዮዎቹ "የ2000 ዓመት የግፊት መድኃኒት" ሲሉ ግን ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፣ የግፊት መለኪያ በእጅ ላይ ተጠምጥሞ መሥራት የጀመረው እኮ በ1896 ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ካመጣው በኋላ ነው፣ ከ2000 ዓመት በፊት ቻይናም ሆነ ሌላ አገር የነበረ ሰው የማንንም ግፊት በቁጥር ለክቶ ነጥብ ተጭኖ ወረደ ብሎ ሊያውቅ አይችልም። ነጥቦቹ አሮጌ ናቸው፣ ለራስ ምታት፣ ለማዞር፣ ለንዴት ይባሉ ነበር፣ ከግፊት ጋር የተያያዙት በኋላ ነው። ይሄን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም፣ እድሜ ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ ነው።

እሺ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቺውን እንተወውና፣ ቆዳና ጡንቻ ስትጫኑ እዛ ያለው ነርቭ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። ካሊፎርኒያ አርቫይን ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ድመትና አይጥ ላይ ለብዙ ዓመት የሰሩ ተመራማሪዎች አሉ፣ መርፌ ሰክተው ቀጭን ኤሌክትሪክ ሲለቁበት የአንጎል ግንድ ላይ ያለችው፣ ደም ስርን "ጠበብ በል" እያለች የምታዘው ቦታ ረገብ ስትል አይተዋል። ያ መርፌና ኤሌክትሪክ ነው፣ የኔና የናንተ አውራ ጣት ያንኑ ያህል ያደርጋል ማለት አይደለም፣ ግን አቅጣጫው ያስኬዳል። ከሱ ጋር ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ ነጥቡን ልትጫኑ ስትሉ ቁጭ ትላላችሁ፣ ስልክ ታስቀምጣላችሁ፣ ትንፋሻችሁ ይረጋጋል፣ ይሄ ራሱ ግፊት ያወርዳል።

ሰው ላይ የተሞከረውን እንይ። ታይዋን ውስጥ በ2016 የወጣ አንድ ሪሰርች አለ፣ ግፊት ያለባቸው 80 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፣ ግማሾቹ እግራቸው ላይ ታይ ቾንግ የሚባለውን ነጥብ ተጫኑላቸው፣ ግማሾቹን ደግሞ እዛው እግር ላይ ነጥብ ያልሆነ ቦታ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ከ165/96 ተነስተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ 143/89 ገደማ ደረሱ፣ ሌሎቹ ለውጥ የሚባል አላሳዩም። ትልቅ ቁጥር ነው! ቪዲዮ ሰሪዎቹም ይቺን ነው የሚይዙት። ግን አንዴ ተጭኖ ግማሽ ሰዓት የተለካ ነገር ነው፣ ማታ ስንት ሆነ፣ በሳምንቱ ስንት ሆነ አይልም፣ 80 ሰው ደግሞ ትንሽ ነው።

ረዘም ያለውን ጥያቄ የጠየቁት በመርፌው በኩል ያሉት ናቸው። ቦስተን ላይ በ2006 የታተመው 192 ሰው ነበረበት፣ አንዳንዱ ትክክለኛ ነጥቦቹ ላይ ተወጋ፣ አንዳንዱ የውሸት ቦታ ላይ፣ በስተመጨረሻ ሁሉም ጋ ላይኛው ቁጥር 4 ገደማ ወረደ፣ የውሸቱም እኩል! ጀርመኖቹ ደግሞ በ2007 በ160 ሰው ሌላ ውጤት አገኙ፣ በ6 ሳምንት 22 ጊዜ የተወጉት ሰዎች የ24 ሰዓት ግፊታቸው ከውሸቱ በተሻለ 5/3 አካባቢ ወረደ፣ ግን ሕክምናው ቆሞ ከ3 ወር በኋላ ሲለኩ ወደ ድሮው ተመልሷል። በ2018 የነበሩትን ጥናቶች ባንድ ላይ ሰብስበው የገመገሙትም ያገኙት ተመሳሳይ ነው፣ ከተደረገ በኋላ ባሉት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ድረስ መውረድ ይታያል፣ ለወራት የሚቆይ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ለኔ ከነዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ሽሮ ሲገነፍል ክዳኑን እንደማንሳት ነው፣ አረፋው ይወርዳል፣ እሳቱ ግን እዛው ነው፣ ክዳኑን ማንሳት መጥፎ አይደለም፣ እሳቱን ቀንሻለሁ ብሎ ከኩሽና መውጣት ነው መጥፎው።

አሁን የት እንደሚጫን። ርቀቱ በራሳችሁ ጣት ስፋት ነው የሚለካው፣ የባልሽን ጣት ተጠቅመሽ ያንቺን እግር አትለኪ።

የእግሯ ነጥብ፣ ታይ ቾንግ፣ እቺ ናት፦ የእግር አውራ ጣትና አጠገቡ ያለው ጣት መሀል የእጃችሁን ጣት አስገቡና ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ በእግሩ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ ግፉት፣ ሁለቱ አጥንቶች እየተጠጉ መጥተው የሚገናኙበት ጋ ስትደርሱ ጣታችሁ ይቆማል፣ ከዛ ቀድማ ያለችው ጎድጓዳ ናት፣ ስትጫኗት ብዙ ሰው "እህ" ይላል። ክርን ላይ ያለችው ደግሞ ቀላል ናት፣ እጅ ሲታጠፍ የሚፈጠረው መስመር በውጭ በኩል የሚያልቅበት ቦታ። ከጉልበት በታች፣ ከሎሚው ስር አራት ጣት ወርዳችሁ ከቅልጥም አጥንቱ ወደ ውጭ አንድ አውራ ጣት ያህል ራቅ ስትሉ ሌላ አለ። ማጅራት ላይ የራስ ቅል የሚያልቅበት ጋ፣ ከሁለቱ ወፍራም ጡንቻዎች ውጭ በኩል ያሉት ጎድጓዶች፣ እነሱን በሁለት አውራ ጣት ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ሲያቀረቅር ለሚውል ሰው እቺ ብቻዋን ትበቃለች። የእጅ አንጓዋም አለች፣ መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ከአንጓው መስመር ሶስት ጣት ወደ ክርን፣ ሁለቱ ጅማቶች መሀል። እቺኛዋ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያላት ለማቅለሽለሽ ነው፣ መርከብና መኪና ለሚያዞራቸው የሚሸጠው የእጅ ላስቲክ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፣ ለግፊት የምትገባው ከማረጋጋት አንፃር ነው።

አጫጫኑ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በአውራ ጣት ሥጋ፣ ጠንከር ግን ሕመም ሳይሆን፣ ባለበት ትንሽ እያሽከረከራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዛ ሌላኛው ጎን። ትንፋሹን አትርሱ፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ፣ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፣ በዝግታ መተንፈስ ብቻውን ግፊት ላይ እንደሚሰራ ስለሚታወቅ እኔ ብሆን ጣቱንና ትንፋሹን አልለያይም። አንዳንድ ቪዲዮ በእስኪርብቶ ጫፍ ወይ በድንጋይ ተጫኑ ይላል፣ ተዉት። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው፣ እግሩ የደነዘዘ ከሆነ ሲቆስል አይሰማውም፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ቁስል ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ያለ ያውቀዋል።

ክልክሎቹንም እዚሁ ልጨርስ። አንገት በፊትና በጎን በኩል፣ ምቱ የሚሰማበት ቦታ፣ በፍፁም አይጫንም። እዛ ያለው ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ስር ነው፣ ግፊት የሚያነብ ነርቭም እዛው ተቀምጧል፣ ስትጫኑት አንጎል "ግፊት በዛ" ብሎ ልብን ድንገት ያዘገያታል፣ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ደም ስሩ ውስጥ ስብ የተጋገረበት ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ቅንጣቱ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። "አንገት ተጭኜ ቁጥሩ ወረደ" የሚል ቪዲዮ ካያችሁ በርግጥ ወርዷል፣ ለዛ ነው የሚያስፈራው። እርጉዝ ሴት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያለችውንና ከውስጥ ቁርጭምጭሚት በላይ ያለችውን ነጥብ አትጫን፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ማህፀን ያነሳሳሉ ብለው ይከለክሏቸዋል፣ በእርግዝና ላይ የወጣ ግፊት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በቀጥታ ሐኪም ጋ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይበልዛል፣ ለስለስ ያድርግ። አንድ ባት ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል መታሸትም መጫንም የለበትም።

አሁን ወደዋናው ልምጣ፣ ሰው ለምንድነው "ለኔ ሰርቶልኛል" ብሎ የሚምለው? ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው አለካኩ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ እትዬ ቡና አፍልተው አቦል ቶና በረካውን ጨርሰው፣ ረከቦቱን አንስተው፣ እቃ አጥበው፣ "እስቲ ግፊቴን እዩኝ" ይላሉ፣ ልጅ ሹራብ እጅጌ ላይ ጠምጥሞ ይለካል፣ እሳቸው እግር አነባብረው እያወሩ ነው፣ ማሽኑ 158 ይላል። ድንጋጤ! ከዛ እግራቸውን አስር ደቂቃ ይጫኑላቸዋል፣ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ እንደገና ሲለካ 141። ሁሉም "ይኸው!" ይላል። እንዴ፣ መጀመሪያውኑ 158ቱ የቡናው፣ የሥራው፣ የወሬው፣ የሹራቡና የተነባበረው እግር ድምር ነው፣ ምንም ሳይጫኑ አስር ደቂቃ ቢያርፉም ይወርድ ነበር። መጀመሪያ የተለካው ቁጥር ሁለተኛው ላይ ሲወርድ ማየት በጣም የተለመደ ነው፣ ሐኪሞች ሁለት ሶስቴ የሚለኩት ለዚሁ ነው።

ስለዚ ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንት ቤት ሂዱ፣ ወንበሩን ተደግፋችሁ ሁለቱን እግር መሬት አስነክታችሁ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፣ ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ፣ ወሬ የለም። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ይሄ የመነሻ ቁጥራችሁ ነው፣ አኩፕሬዠሩ ሰራ አልሰራ የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ክኒኑ ላይ ነው፣ ይሄኛው ይብሳል። ብዙ ሰው የሚወስደው አምሎዲፒን ነው፣ እና አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ግማሹ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ሰውየው ሰኞ ክኒኑን ትቶ መጫን ይጀምራል፣ ማክሰኞ ሲለካ ጥሩ ነው፣ ረቡዕ ጥሩ ነው፣ "አልኳችሁ እኮ፣ ያለ ኬሚካል!" ብሎ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራል። የለካው ግን እስከ እሁድ የዋጠውን ክኒን ነው። ከሳምንት በኋላ ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ደግሞ መለካት አቁሟል፣ ምክንያቱም ድኗል። ሌሎቹ መድኃኒቶች ይለያሉ፣ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የመሳሰሉት በድንገት ሲቆሙ ግፊትና የልብ ምት ተንደርድረው ይወጣሉ፣ ክሎኒዲን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ክኒን ማቆምም መቀነስም ከዶክተር ጋር ተነጋግሮ ነው፣ እግር አብጦ ወይ ሳል አስቸግሮ ከሆነም ሌላ ዓይነት ስላለ ይቀየራል፣ ዝም ብሎ አይጣልም። ለማነፃፀር ያህል አንድ የግፊት ክኒን በመደበኛ መጠን በአማካይ ላይኛውን ቁጥር 9 ገደማ ያወርዳል፣ ሲወሰድ በየቀኑ፣ ሌሊትም ተኝታችሁ ሳለ፣ ጣት ግን ሌሊት አይጫንም።

ጨዉም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደገና ወጡ ላይ የሚጨመርበት ቤት ከዛ በላይ እንደሚሄድ ሳይለካም ይታወቃል። ክብደት መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ መጠጥ መቀነስ፣ ጫት የሚቅም ካለ ጫቱ (ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል)፣ እነዚህ ሁሉ ሰልችቷችኋል አውቃለሁ፣ ቪዲዮ ቢሰራባቸውም ማንም ሼር አያደርገውም።

ታዲያ ልሞክረው የሚል ሰው እንዴት ያድርግ? ክኒኑን እንደታዘዘው እየወሰደ፣ አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ሳይጫን ይለካና ይፃፍ፣ በቀጣዩ ሳምንት ጠዋትና ማታ ነጥቦቹን እየተጫነ በዛው ሰዓት፣ ግን ከመጫኑ በፊት ይለካ። ከተጫነ በኋላ ያለውን ቁጥርማ አይተነዋል፣ ይወርዳል። ማወቅ የምንፈልገው ቀሪውን ቀን ነው። አማካዩ ከወረደ ደስ ይላል፣ ወረቀቱን ይዞ ቀጠሮው ላይ ለዶክተሩ ያሳይ፣ መጠን ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን እሱ ያየዋል። ካልወረደም በቀን አስር ደቂቃ ቁጭ ብሎ መተንፈሱ ሌላ ምንም ባይጠቅም እንቅልፍ ይሰጣል፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ለምትሰራና እረፍት እንደልብ ለሌላት እህታችን እንኳን ማታ አልጋ ላይ ሆና የምትችለው ነገር ነው፣ እሷም ግን ፋርማሲ ስታገኝ ትለካ።

ቁጥሩ 180/120 ካለፈ ግን ነጥብ ፍለጋ አትግቡ። ምንም ስሜት ከሌለ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት፣ ያው ከሆነ በዛው ቀን ሐኪም ጋ። ደረት ከያዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከከበደ፣ ምላስ ከተሳሰረ ወይ ዓይን ከጨለመ ቁጥሩን ሁለተኛ መለካትም አያስፈልግም፣ አገር ቤት ከሆናችሁ 907፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ደውሉ። "ስትሮክ ሲመታ የጣት ጫፍ በመርፌ ወግታችሁ ደም አፍሱ" የሚል መልእክትም ይዞራል፣ እሱን ደምስሱት፣ ስትሮክ የመታው ሰው ጋ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው፣ ጣት ሲወጋ የሚያልፈው ጊዜ መኪና ውስጥ ማለፍ ነበረበት። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ግን ያዙ፣ ሆስፒታል በር ላይ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።